ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው
ስለ ወላድ እናት እምቢታና ስለ ሐኪም ኃላፊነት፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 22 ላይ የቀረበ ትችት

«ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ምሳሌ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ልጅን ለማሳደግና ጐረምሳን ለመገሠጽ የሚበጅ መሆኑን አንክድም። መካሪው የሚገባውን ከፈጸመ በኋላ የቀረውን ለመከራ ትቶ እጁን ይታጠባል፤ የደረሰው ጉዳትም የተመካሪው ዕዳ ይሆናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ግን ይህ ምሳሌ ከቤት ወጥቶ ወደ ችሎት በገባ ጊዜ፥ ይልቁንም ከሳሿ በወሊድ ምክንያት የተጐዳች እናት፥ ተከሳሹም ሐኪም ወይም ሆስፒታል በሆነ ጊዜ ምን ያህል እውነት እንደሚይዝ ነው።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን ምክንያት ግልጽ ነው። በዓለም ሁሉ ሐኪሞች ከሚከሰሱባቸው የሕክምና ክፍሎች አንዱና ዋነኛው የማሕፀንና የፅንስ ሕክምና ነው። በአገራችንም ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች መካከል ይኸው ክፍል ከፍ ያለ ድርሻ ካላቸው አንዱ ነው። ከተከሳሽ ወገን ከሚሰሙት መልሶች አንዱ ደግሞ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፤ «ነግረናት ነበር፤ እምቢ አለች»። ይህን መልስ የሕግ ተማሪዎችም የሕክምና ተማሪዎችም ጓደኞቻችን ክርክሩን ሁሉ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አድርገው ሲወስዱት እናያለን። እኛ ግን «ነግረናት ነበር» እና «እምቢ አለች» የሚሉት ሁለት ቃላት እያንዳንዳቸው ማስረጃ የሚያስፈልጋቸው ጥያቄዎች እንጂ መልሶች አይደሉም እንላለን።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ተረቅቆ በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ የቤተ ዘመድ ክፍሉ በኋላ በሌላ ሕግ ቢተካም፥ ስለ ሰዎችና ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የደነገጋቸው ክፍሎች ዛሬም የሚሠራባቸው ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለጉዳያችን የሚያስፈልጉን አራት ቁጥሮች ናቸው። ቁጥር 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ በሐኪም መመርመርን ወይም መታከምን እምቢ ለማለት እንደሚችል ይናገራል። ቁጥር 22 ደግሞ በጥቅሉ ሲነገር፥ ከባድ አደጋ የሌለበትን ሕክምና እምቢ ያለ ሰው፥ ያ ሕክምና ሊያስቀርለት ይችል የነበረውን በሽታ ወይም የአካል ጉድለት ለራሱ መብት መከራከሪያ ሊያደርገው አይችልም ይላል። ቁጥር 2031 ባለሙያ የሆነ ሰው የሙያውን ደንብ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበትና፥ ግዴታውን አለማወቁን በሚያሳይ ቸልተኛነት ደንቡን የጣሰ እንደ ሆነ ኃላፊ እንደሚሆን ያዛል። ቁጥር 2098 ደግሞ ጉዳቱ በከፊል በተጐጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ካሣው በከፊል ብቻ እንዲከፈል፥ ዳኛውም የሁለቱን ወገን ጥፋትና ለጉዳቱ ያደረጉትን አስተዋጽኦ እንዲመዝን ይፈቅዳል።

አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው የቁጥር 20ና የቁጥር 22ን ጐረቤትነት ነው። ሕጉ በአንድ እጁ እምቢ የማለትን መብት ሰጥቶ በሌላ እጁ የእምቢታን ዋጋ ያስከፍላል። በዚህ ነገር ፍርደ ገምድል ነው አንልም። እግሩ የተሰበረ ሰው በጀሶ መታሰርን ያለ ምክንያት እምቢ ብሎ፥ እግሩ በተጣመመ ጊዜ የሰበረውን ሰው ለጠማማው እግር ካሣ ቢጠይቀው ዳኛው «ይህንስ በራስህ ላይ ያመጣኸው አንተ ነህ» ቢለው ትክክል ነው። ቁጥር 22 የተጻፈው ለእንደዚህ ያለው ሰው ነው። የእኛ ትችት ይህ ድንጋጌ ወደ ምጥ ክፍል በገባ ጊዜ ልኩን ያልፋል፥ ካልተጠነቀቅንበትም ምሳሌያችንን ወደ ሕግ ይለውጠዋል የሚል ነው። ለዚህም አራት ምክንያቶችን እናቀርባለን።

አንደኛው ምክንያት «መንገር» የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርንያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 የተወሰነው «ትሩማን በቶማስ ላይ» የተባለው ጉዳይ ምንም እንኳ የወሊድ ጉዳይ ባይሆን ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መምህር ነው። አንዲት የሁለት ልጆች እናት ለበርካታ ዓመታት የቤተሰቡ ሐኪም ዘንድ ስትታከም፥ ሐኪሙ ከማሕፀን በር ናሙና ተወስዶ የሚደረገውን የካንሰር ምርመራ እንድታደርግ ይመክራታል። እርስዋ ግን ምርመራውን ሳታደርግ ትቀራለች። በመጨረሻ በማሕፀን በር ካንሰር ታማ እ.ኤ.አ. በ1970 በ30 ዓመት ዕድሜዋ ሞተች። ልጆቿ በከሰሱ ጊዜ ሐኪሙ «መክሬአታለሁ፥ እምቢ ያለችው እርስዋ ናት» አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሐኪሙ ምርመራውን ባታደርግ ሊደርስባት የሚችለውን አደጋ ነግሯት እንደ ሆነ ጠየቀ። ይህንም ሲያስረዳ፥ ሕክምናን የሚቀበል ሰው የሕክምናውን አደጋ ማወቅ እንደሚገባው ሁሉ፥ እምቢ የሚል ሰውም የእምቢታውን አደጋ ማወቅ ይገባዋል፤ ይህንም የመንገር ግዴታ የሐኪሙ ነው አለ።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ያለው ሐሳብ ቀላል ይምሰል እንጂ ብዙ ይወስዳል። «ብታደርጊው ይሻልሻል» ማለትና «ይህን ባታደርጊ ልትሞቺ ትችያለሽ፥ ምክንያቱም እንዲህና እንዲያ ነው» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ምክር ነው፤ ሁለተኛው ዕውቀት ነው። ዕውቀት የሌለበት እምቢታ ደግሞ ምርጫ ሳይሆን ድንቁርና ነው፤ ድንቁርናውን ማስወገድ ይችል የነበረው ሐኪሙ ከሆነ ዋጋውን ታማሚዋ ብቻ ልትከፍል አይገባም። የእንግሊዝ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ከስኮትላንድ በመጣለት በሞንትጎመሪ ጉዳይ ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዷል። በዚያ ጉዳይ እናትየዋ የስኳር ሕመም ያለባትና ቁመቷ አጭር የሆነ ሴት ነበረች። እንደ እርስዋ የስኳር ሕመም ያለባት እናት ስትወልድ ከመቶ 9 እስከ 10 በሚሆነው ጊዜ የሕፃኑ ራስ ከወጣ በኋላ ትከሻው ሊያዝ እንደሚችል የሚታወቅ ሲሆን፥ ሐኪሟ ይህን ያልነገረቻት ብትነገር በቀዶ ሕክምና ልውለድ ትላለች ብላ ስለ ሰጋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የተወለደው ሕፃን ትከሻው ተይዞ አየር ስላጠረው ለዕድሜ ልክ የአንጐል ጉዳት ተዳረገ። ፍርድ ቤቱ መለኪያው ሐኪሞች በልማድ የሚናገሩት ነገር ሳይሆን በዚያች እናት ቦታ ያለች አስተዋይ ሴት ለማወቅ የምትፈልገው ነገር ነው ሲል ወሰነ። ቁጥር 22ን የሚተረጕም የእኛ ዳኛም እምቢታውን ከመመዘኑ በፊት የተሰጠውን ዕውቀት ሊመዝን ይገባዋል።

ሁለተኛው ምክንያት እምቢታው የማን ነው የሚለው ነው። ቁጥር 20 እምቢ የማለትን መብት የሚሰጠው ለራሱ ለታማሚው ሰው ነው። በአገራችን የቀዶ ሕክምና ስምምነት ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈርመው ግን ባል፥ አባት ወይም ወንድም ነው። ምጥ ከያዛት ሴት ዘንድ ሄዶ በምትሰማው ቋንቋ ከሚያነጋግራት ይልቅ በኮሪደር የቆመውን ወንድ ጠርቶ «ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፥ ምን ትላላችሁ?» የሚለው ይበዛል። እንበልና ባልየው ስለ ገንዘቡ ፈርቶ ወይም አማቲቱ «እኛ ሁላችን በቤታችን ወልደናል» ብላ ወረቀቱ ሳይፈረም ሁለት ሰዓት ቢያልፍ፥ በኋላ በፋይሉ ላይ «ታማሚዋ እምቢ ብላለች» ተብሎ ይጻፋል። ታማሚዋ ግን አልተጠየቀችም። ሌላው ሰው ያለውን እምቢታ በእርስዋ ስም መዝግቦ ካሣዋን መከልከል፥ በአንዱ ጥፋት ሌላውን መቅጣት ይሆናል።

ከዚህም ጋር «አልሰማችም» የሚባለው እምቢታ ሁልጊዜ እምቢታ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ታዴዎስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት የታወቀ ጥናት የእናቶችን ሞት የሚያመጡትን መዘግየቶች በሦስት ከፍለዋቸዋል፤ ይኸውም ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፥ ወደ ጤና ተቋሙ በመድረስ መዘግየት፥ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት መዘግየት ናቸው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 26፥ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ነበሩ። ይህ ትልቅ እድገት ነው፤ ሆኖም በዚያ ጊዜ ከግማሽ የሚበልጡት በቤት ይወልዱ እንደ ነበረም ይናገራል። ነፍሰ ጡሯ ወራቷ ሳይገባ ወደ እናቶች ማቆያ እንድትመጣ ተመክራ ሳትመጣ ብትቀር፥ ልጆቿን የሚጠብቅላት፥ ላሟን የሚያልብላት፥ ለመንገዱም የሚከፍልላት ሰው ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። «እምቢ አለች» የሚለው መከላከያ ግን ከሦስቱ መዘግየቶች የመጀመሪያውን ብቻ ያያል፤ እርሱንም ወደ ሴቲቱ ግትርነት ይለውጠዋል። ሦስተኛው መዘግየት፥ ማለትም በተቋሙ ውስጥ የጠፋው ጊዜ፥ በዚህ ጥላ ሥር ተሸሽጎ እንዳይቀር መጠንቀቅ የዳኛ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ቁጥር 22 ራሱ ያስቀመጠው ወሰን ነው። ድንጋጌው የሚናገረው ከባድ አደጋ ስለሌለበት ሕክምና ነው። የደም ግፊትን መለካት፥ ሽንትን መመርመር፥ የብረት እንክብል መውሰድ እንደዚህ ያሉ ናቸው። በቀዶ ሕክምና መውለድ ግን ሌላ ነው። በሚገባ ከተደረገ ሕይወትን የሚያድን መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን መድማት፥ መመረዝና የማደንዘዣ አደጋ ይከተሉታል። ከሁሉም ይልቅ ጠባሳው በሚቀጥለው እርግዝና ላይ ይቀራል፤ የእንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ሊጣበቅ፥ ማሕፀኑም በምጥ ጊዜ ሊቀደድ ይችላል። በከተማ ለምትኖር እናት ይህ ትንሽ አደጋ ነው፤ ምክንያቱም የሚቀጥለውን ልጅ የምትወልደው የቀዶ ሕክምና ክፍል ባለበት አጠገብ ነው። ከሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ለምትኖርና ገና አራት ልጆች ለመውለድ ለምታስብ ገበሬ ግን ያው ጠባሳ ሌላ ትርጕም አለው። «አንድ ጊዜ ከተቀደድሁ በኋላ በቤቴ ልወልድ አልችልም» ብትል ነገሩን ከብዙዎቻችን በተሻለ ሁኔታ አስባበታለች። እንዲህ ያለውን እምቢታ ጀሶን እምቢ ካለው ሰው እምቢታ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን ስሕተት ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናን እምቢ ያለች እናት በቁጥር 22 ሥር ሳይሆን፥ ጥፋት ካላት ጥፋቷ ከሌላው ጥፋት ጋር በሚመዘንበት በቁጥር 2098 ሥር መታየት ይገባታል ብለን እናምናለን። ቁጥር 22 ሁሉን ይወስዳል፤ ቁጥር 2098 ግን ይመዝናል።

አራተኛው ምክንያት አንዱን ሕክምና እምቢ ማለት ሁሉን ሕክምና እምቢ ማለት አለመሆኑ ነው። እዚህ ላይ በመጀመሪያ ለሐኪሞች የሚገባቸውን ፍትሕ መስጠት አለብን። ሐኪም በግድ ማከም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1996 በሎንዶን አንዲት የ36 ሳምንት ነፍሰ ጡር ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ከባድ የደም ግፊት ሕመም ተገኘባት። አደጋው ተነግሯት እያወቀች ሕክምናን እምቢ ስትል፥ የአእምሮ ሕመምተኞችን በሚመለከተው ሕግ ተይዛ፥ እርስዋ ሳትሰማ ከዳኛ ፈቃድ ተወስዶ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ተደረገ። ለዳኛው ምጥ ከያዛት 24 ሰዓት እንደ ሆነ ተነግሮት ነበር፤ ይህም እውነት አልነበረም። ሕፃኗ በሕይወት ተወለደች። ሆኖም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 የእናትየዋ መብት እንደ ተደፈረ ወሰነ፤ አእምሮዋ የተስተካከለ ሰው ውሳኔዋ ለሌላው ሰው እንግዳ ቢመስልም ሰውነቷን ያለ ፈቃዷ መንካት አይቻልም አለ። የእኛም ቁጥር 20 ከዚህ የተለየ ነገር አይልም። እንግዲህ ማስገደድን የከለከለ ሕግ ተመልሶ «ለምን አላስገደድህም» ብሎ ሐኪሙን ሊቀጣው አይችልም።

ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ይቀራል። ሐኪሙ ከእምቢታው በኋላ ምን አደረገ? ቀዶ ሕክምናን እምቢ ያለች እናት የፅንሷ የልብ ምት እንዲታይላት፥ የደም ግፊቷ እንዲለካላት፥ የሚንቀጠቀጥ በሽታ እንዳይመጣባት መድኃኒት እንዲሰጣት፥ ሁኔታው በተለወጠ ቁጥር እንደገና እንድትጠየቅ መብት አላት። ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት የተናገረችው «እምቢ» እስከ ማታ ድረስ አይጸናም፤ ምጥ በየሰዓቱ የሚለወጥ ነገር ነውና። አዋላጅ ነርሷ «እርስዋው እምቢ ብላለች» ብላ ትታት ከሄደች፥ የሙያው ደንብ የተጣሰው በዚያ መተው ነው፤ ቁጥር 2031 የሚይዘውም ያንኑ ነው። ምሳሌያችን መካሪውን «እጅህን ታጠብ» ይለዋል፤ የሕክምና ሙያ ግን እጅን መታጠብ የሚያዘው በሽተኛውን ለመንካት እንጂ ለመተው አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እናትየዋ ካሣ ነው። የልጁ ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2 የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚያስፈልገው ጊዜ ሁሉ፥ በሕይወትና ለመኖር ችሎ የተወለደ እንደ ሆነ፥ እንደ ተወለደ ይቈጠራል ይላል። ቁጥር 4 ደግሞ 48 ሰዓት የኖረ ልጅ ለመኖር እንደ ቻለ እንዲቈጠር ያደርጋል። እንግዲህ በመወለድ ጊዜ አንጐሉ የተጐዳ ሕፃን በራሱ ስም ካሣ ቢጠይቅ የእናቱ እምቢታ ይቃወመዋልን? የእንግሊዝ አገር ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ሕግ ወላጁ ለጉዳቱ ድርሻ ካለው የልጁ ካሣ በዚያው መጠን እንዲቀነስ ለዳኛው ሥልጣን ሰጥተዋል። ይህ ለተከሳሹ ፍትሕ ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን አልታየንም። የእኛ ቁጥር 22 የሚናገረው እምቢ ስላለው ሰው ነው፤ ቁጥር 2098 የሚናገረውም ስለ ተጐጂው ጥፋት ነው። ሕፃኑ እምቢ አላለም፤ ጥፋትም የለበትም። ሐኪሙ የሙያውን ደንብ ጥሶ ከተገኘ ለሕፃኑ ሙሉ ካሣውን ይክፈል። ሐኪሙ ምንም ጥፋት ካልተገኘበት ግን በእናቱ እምቢታ ብቻ የደረሰውን ጉዳት እንዲከፍል መጠየቅ አይገባም። በዚህ ጊዜ የሚቀረውን ሸክም ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ የዳኛ ሳይሆን የመንግሥትና የኅብረተሰብ ጥያቄ ነው።

በዚህ አሳባችን ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን፤ ክብደትም አለው። «እንዲህ ከሆነ ሐኪም ሁሉ ክስን ፈርቶ አስቸጋሪ ምጥን አይቀበልም፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይልካል፤ ወይም ያለ ምክንያት ሁሉንም በቀዶ ሕክምና ያዋልዳል» ይሉናል። የማዋለድ ባለሙያ ባነሰበት አገር ይህ ፍርሀት የሚናቅ አይደለም፤ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ስትላክ በመንገድ የምትሞት እናት የማንም የሕግ ክርክር አያስነሣትም። ይሁን እንጂ እኛ የጠየቅነው ሐኪሙ የልጁን በሕይወት መወለድ እንዲዋስ አይደለም። የጠየቅነው በእጁ ያለውን ነገር ብቻ ነው፤ ለራሷ በምትሰማው ቋንቋ እንዲነግራት፥ የእምቢታዋን አደጋ እንዲያስረዳት፥ መልሷን ከነሰዓቱ እንዲጽፍ፥ ከዚያም ሳይተዋት የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርግላት። ይህን ያደረገ ሐኪም ከማናቸውም ፊርማ የበለጠ መከላከያ አለው። አስተርጓሚ በሌለበት፥ አንዲት አዋላጅ ለብዙ ወላዶች በምትሮጥበት ክፍል ይህ እንኳ ከባድ ቢሆን፥ ያ የሆስፒታሉና የአስተዳዳሪው ጥያቄ ነው፤ ዕዳውን ወደ ታማሚዋ ማዞር ግን መልስ አይሆንም።

ስለዚህ የዳኛውን ሥራ በአራት ጥያቄዎች እናጠቃልለዋለን። የእምቢታዋ አደጋ ለራሷ ተነግሯት ነበርን? እምቢ ያለችው እርስዋው ናትን? እምቢ ያለችው ሕክምና በእውነት ከባድ አደጋ የሌለበት ነበርን? ከእምቢታዋ በኋላስ ያልተተወች ናትን? ለአራቱም «አዎን» የሚል መልስ ከተገኘ፥ ያ ሕክምና ሊያስቀርላት ይችል የነበረው ጉዳት በቁጥር 22 መሠረት የእርስዋ ይሁን፤ ሐኪሙም በሰላም ይሂድ። ከአራቱ አንዱ ቢጐድል ግን ዳኛው ወደ ሚዛኑ ይመለስ። ማስረጃውንም ማምጣት የሚገባው እምቢታውን መከላከያ ያደረገው ወገን ነው፤ ፋይሉ፥ ሰዓቱና ብዕሩ በእርሱ እጅ ናቸውና።

ምሳሌያችንን የተናገሩት አባቶች «ምከረው» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ መድገማቸውን ግን ልንረሳው አይገባም። በችሎት ፊት ቆመው የምሳሌውን ሁለተኛ ክፍል የሚጠቅሱ ሁሉ በመጀመሪያ ሁለቱን «ምከረው» መፈጸማቸውን ያስረዱ።